መሪውን የያዘችው ሚስት

ሰውየው «ራስ» የሚለውን ስም ያገኘው በሹመት አይደለም፤ በገዛ አፉ ነው። አንድ ቀን ጠዋት በአውቶቡስ ድርጅቱ ግቢ ውስጥ ሹፌሮችና ቲኬት ቆራጮች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ሻይ ሲጠጡ፣ አንዱ መካኒክ በቅባት የጠቆረ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «አንተዬ፣ ዛሬ ደግሞ ሚስትህ ወዴት ነው የምትወስድህ?» አለው። ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። እሱ ግን ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ጧ አድርጎ አስቀመጠና፣ «ስሙ! መሪውን እሷ ትያዘው እንጂ የቤቴ ራስ እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ።

በቃ። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚጠራው ጠፋ። ዘበኛው በሩን ሲከፍትለት «ራስ፣ እንዴት አደሩ?» ይለዋል። ነዳጅ ቀጂው ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳዋል።

የሳቁት ሰዎች ግን ነገሩ ምን ያህል ጥልቅ ቁስል እንደነበር አያውቁም። ራስ ለአሥራ አራት ዓመት ራሱ ሹፌር ነበር። ሚስቱንም ያገኛት እዚያው አውቶቡስ ላይ ነው፤ አዲስ ቲኬት ቆራጭ ሆና ተመደበችለት። የመጀመሪያው ቀን ላይ በስፖኪዮ እሷን ሲያይ ሁለት ፌርማታ ሳይቆም አለፈ፤ የተሳፋሪው ጩኸት ነው የመለሰው። ቆንጆ ነበረች፣ መቼም። ሁለት ረጃጅም ሹሩባዋ ትከሻዋ ላይ ወርዶ፣ ቲኬቱን በሁለት ጣቷ ቀጨም አድርጋ ስትሰጥ፣ ሰው ሁሉ መልስ መቀበሉን ይረሳ ነበር። ካገባት በኋላም በየሄደበት በእሷ ይኩራራ ነበር፤ ሌላው ሰው አዲስ ጫማውን እንደሚያሳይ ሚስቱን ሲያሳይ ይውል ነበር።

ሁለቱም ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ራስ ከቃሉ ሁሉ አጥርቶ የሚያውቀው ግን ሚስት ለባሏ ትገዛ የሚለውን ነበር። እሱ ሲነበብ ቀና ይላል፣ ሚስቱንም በክርኑ ነካ ያደርጋታል። ባልም ራሱን አሳልፎ እስኪሰጥ ድረስ ሚስቱን ይውደድ ወደሚለው ሲደረስ ደግሞ ሳል ይይዘዋል።

መንዳት ያስተማራትም እሱ ነው። እሑድ እሑድ ከጸሎት ሲመለሱ፣ ባዶው የድርጅት ግቢ ውስጥ አሮጌውን አውቶቡስ ያስነሳና ወንበሩ ላይ ያስቀምጣታል። ያስተማራት እንድትነዳ ብሎ አይደለም፤ ምን ያህል እንደሚያውቅ እንድታይለት ብሎ ነው። ሆኖም ጥሩ አስተማሪ ነበር። ማርሽ ስትቀይር ጆሮዋን እንድትጠቀም፣ ቁልቁለት ላይ በፍሬን ብቻ እንዳትተማመን ነገራት። አንዱን ነገር ግን ጣቱን ቀስሮ ሦስት ጊዜ ደገመላት፤ «ወለሉን ያላየሽውን ውሃ አትግቢ። ተሳፋሪ ይጩህ፣ አለቃ ይቆጣ፣ ማንም ይዘዝሽ፣ አትግቢ። ሰምተሻል?»

«እሺ» አለችው።

መንጃ ፈቃዱን አወጣች። ከልደት ካርዶችና ከክትባት ወረቀቶች ጋር መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ።

ከዚያ የራስ ቀኝ ዓይን ከዳው። መጀመሪያ መብራት ዙሪያ ክብ ቀለም ይታየው ጀመር፤ ቀጥሎ ከቀኝ በኩል የሚመጣ ሰው ድንገት ከመሬት የበቀለ ይመስለው ነበር። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን እንጠብቅ አለው። ድርጅቱ ፈቃዱን ነጥቆ የቲኬት ቦርሳ አንገቱ ላይ አጠለቀለት። ሹፌር ደግሞ እጥረት ስለነበረ፣ የስምሪት ኃላፊው ሚስቱን አስጠርቶ፣ «ፈቃድ አለሽ አሉ፤ የባልሽን አውቶቡስ ውሰጂ» አላት።

«ባለቤቴን ልጠይቅ» አለች።

«የሥራ ጉዳይ እኮ ነው!» ብሎ ሳቀ ኃላፊው።

«የቤቴም ጉዳይ ነው» አለች።

ማታ ራት ላይ ነገረችው። ራስ ማንኪያውን አስቀመጠ። «አይሆንም። እኔ ከወረድኩበት ወንበር ላይ አንቺ አትወጪም።»

አየችው። «እሺ» አለች።

ራስ ይህችን «እሺ» በደንብ የሚያውቃት መስሎት ነበር። እናቱም ለአባቱ «እሺ» ትል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ለሳምንት ሰሃኑ እየተንኳኳ ይታጠባል፣ በሩ እየተላተመ ይዘጋል፣ ሾርባው ውስጥ ጨው ይበዛል። እሱም ጠበቀ። አንድ ሳምንት ጠበቀ፣ ሁለት ሳምንት ጠበቀ። ሾርባው እንደ ድሮው ነው። ዓይኑ ላይ ጠብታ ስታንጠባጥብለት እጇ እንደ ድሮው ለስላሳ ነው። ቀልድ ከመጣ ትስቃለች። አራት ወር ሙሉ ሌላ ሰው በሚነዳው አውቶቡስ ላይ እሷም ቲኬት ስትቆርጥ ዋለች። ራስን ከጩኸት ይልቅ ይህ ነገር ያስፈራው ጀመር። ይህቺ ሴት ውስጥ ምን አለ?

በዚህ መሃል ነርሷ ታናሽ እህቷ ልትጠይቃቸው መጣች። ራስ ጓዳ ውስጥ ነበር፤ በመጋረጃው በኩል ሁሉንም ሰማ።

«አንቺ ሰው ነሽ ወይስ የበር ምንጣፍ?» አለች እህትየው። «እድሜ ልክሽን የተመኘሽው ነገር እጅሽ ገብቶ፣ እሱ አኮረፈ ተብሎ ይመለሳል?»

«ምንጣፍ ማን እንደሚረግጠው አይመርጥም» አለች ሚስቱ። «እኔ መርጬ ነው። ክፉ ነገር ሥሪ ቢለኝ እንቢ እለዋለሁ፤ አትጠራጠሪ። ቢመታኝም አንቺ ዘንድ ነበር የምታገኚኝ። ይሄ ግን እንደሱ አይደለም። ሰውየው ዓይኑን አጥቶ ገና አልቅሶ አልጨረሰም። ያልዳነ ቁስል ላይ ጨርቅ ሲጎተት አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ነርስ አይደለሽ?»

«እስከ መቼ ነው ታዲያ?»

«እኔ እንጃ። እሱን ለፈጣሪ ትቼዋለሁ።»

ራስ ጓዳው ውስጥ ፎጣ ይዞ እንደቆመ ቀረ። ስለ እሱ እንዲህ ያለ ነገር የሚያስብለት ሰው ያለ አይመስለውም ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ከጸሎት በኋላ፣ የሴቶቹን ማኅበር የሚመሩት አዛውንት ግቢው ውስጥ ሚስቱን አቅፈው፣ «እንዲህ ነው እንጂ ሴት ማለት! ጭጭ፣ ጸጥ! ወሬሽ ሁሉ ደርሶኛል። አሁን ደግሞ እቺን ጉትቻ ብታወልቂያት፣ ሹሩባውንም ብታሳጥሪው፣ እውነተኛው ጌጥ የልብ ነው፣ ልጄ» አሏት። ራስ አጠገቧ ቆሞ ነበር።

ሚስቱ ፈገግ አለች። «እትዬ፣ ጉትቻው ጆሮዬ ላይ ነው ያለው፤ ልቤ ድረስ አልወረደም። እኔ የምፈራው ሌላ ነው።»

«ምንድን ነው የምትፈሪው?»

«ዝምታዬ ጌጥ እንዳይሆንብኝ። ሰው ሁሉ ሲያየው፣ ሲያመሰግነኝ፣ እኔም አንገቴ ላይ አድርጌው እንዳልዞር።»

አዛውንቷ እጃቸውን ከትከሻዋ ላይ ቀስ ብለው አነሱና፣ «ይሄንንስ ለእኔም ጸልዪልኝ» አሉ በሹክሹክታ።

ቤት ሲደርሱ ራስ መቀመጥ አቃተው። ሚስቱ ልብስ ስትተኩስ ከጠረጴዛው ማዶ ቆመ።

«መንዳት ትፈልጊ ነበር?» አላት።

ካውያውን አቆመችው። «በጣም» አለች። «አሁንም እፈልጋለሁ። ማርሹ ሲገባ የሚሰማው ድምፅ ሁሉ ይናፍቀኛል።»

«ታዲያ ለምን አልተከራከርሽኝም?»

«ብከራከርህ አሸንፍህ ነበር» አለችው። እውነቷን ስለነበረ እሱም አልተቆጣም። «ከዚያስ? አሸናፊና ተሸናፊ ሆነን አንድ ቤት ልንኖር? አንተ ሰጥተኸኝ ብይዘው ነው የምወደው።»

በማግስቱ ራስ ማንም ሳይልከው በእግሩ ወደ ስምሪት ቢሮ ሄደ። «መሪውን ስጧት» አለ። ኃላፊው ምክንያቱን ቢጠይቀው፣ «ከእኔ ያልተናነሰች ነች» ብሎ ወጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ተመልሶ፣ «ትበልጠኛለች» አለና እንደገና ወጣ።

እንዲህ ሆኖ ነው እሷ ፊት፣ እሱ ኋላ የሆኑት። ተሳፋሪው ወዲያው «ቀስታ» የሚል ስም አወጣላት፤ «ንጂው እንጂ!» ሲሏት «ቀስታ ነው» ስለምትል። ቀስታ የያዘችው አውቶቡስ ውስጥ ሻይ ሳይፈስ መጠጣት ይቻላል ይባል ነበር። ራስ ግን መስጠቱን ሰጠ እንጂ፣ የሰጠውን መልቀቁ አልሆነለትም። ከኋላ ሆኖ፣ «ቀኝ ያዢ! ቅደሚው! አሁን እርገጪ!» እያለ ይጮኻል። እሷ በስፖኪዮ አየት ታደርገውና መንገዱ የሚፈልገውን ታደርጋለች። ግቢ ውስጥ ያ የ«ራስ» ነገር የመጣውም በዚህ ሰሞን ነው።

ዝናብ ሦስት ቀን ሳያባራ የጣለ ጊዜ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው፤ አውቶቡሱ ከትምህርት ቤት በሚመለሱ ልጆች፣ ከገበያ በሚመለሱ ሴቶች፣ ከሥራ በወጡ ሰዎች ጢም ብሏል። መንገዱ ወደ ወንዙ ድልድይ ከመድረሱ በፊት ዝቅ ይላል። እዚያ ሲደርሱ አስፋልቱ የለም፤ ቡናማ ውሃ ከዳር እስከ ዳር ተኝቶበታል። ጥልቅ አይመስልም። እንዲያውም ከፊታቸው አንድ የጭነት መኪና ውሃውን እየረጨ ተሻገረ።

ቀስታ አውቶቡሱን አቆመች።

«ምነው? ያ አለፈ እኮ!» አለ አንዱ።

«ልጆቼ ውጭ ናቸው፣ እባክሽ!» አለች ሌላዋ።

ከመሃል አንድ ጎረምሳ፣ «ራስ! ምን ዝም ይላሉ? ይዘዟት እንጂ! ራስ አይደሉም እንዴ?» ሲል፣ የጨነቀው ሰው ሁሉ ሳቀ። የጨነቀው ሰው ሳቅ ደግሞ ይከፋል። ራስ ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ። ሰውን በክርኑ እየከፈለ ወደ ፊት ሄደ።

«ሂጂ» አላት።

«አልሄድም» አለችው ቀስ ብላ።

«አንድ ጫማ ውሃ ነው! ሂጂ!»

«አይታየኝም ወለሉ።»

«ባልሽ ነኝ» አለ ራስ፤ ድምፁ ጣሪያውን መታ። «ሂጂ ብያለሁ!»

የዝናብ መጥረጊያው ወዲያ ወዲህ ይላል። ቀስታ የእጅ ፍሬኑን ሳበች። ሞተሩን አጠፋች። ከዚያ ዞራ ፊት ለፊት አየችው፤ ዓይኗ ላይ ንቀት የለም፣ ቁጣም የለም።

«አንድ እሑድ ግቢው ውስጥ አንድ ሰው፣ ወለሉን ያላየሽውን ውሃ አትግቢ፣ ማንም ይዘዝሽ አለኝ» አለች፤ ከእሱና ከፊተኛው ወንበር በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ። «እሺ አልኩት። አሁን ያንን ሰው ልስማ ወይስ አንተን?»

ራስ ፊቱን ወደ ውሃው መለሰ።

ከኋላ ሰው መነጫነጭ ጀመረ። ሁለት ሦስቱ «በእግራችን እንሻገራለን» ብለው ለመውረድ ተነሡ። ቀስታ በሩን አልከፈተችም። «ትንሽ ብቻ ታገሡኝ፣ እባካችሁ፤ ከኋላ ያሉት መኪኖች ሲለቁልኝ ተመልሼ በላይኛው መንገድ አዞራችኋለሁ» አለች። አንዱ ተሳዳቢ ሰደባት።

ደቂቃዎች ሄዱ። ከዚያ ድምፁ መጣ። ነጎድጓድ አይደለም፤ ከመሬት ሥር የመጣ፣ ከባድ ዕቃ የሚጎተት የሚመስል ድምፅ ነው። ዓይናቸው እያየ የመንገዱ ዳር ያለው የሲሚንቶ አጥር አንዴ ዘመም አለ፣ ከዚያ ጠፋ። ቡናማው ውሃ ድንገት መሃሉ ጎድጉዶ ተሽከረከረና ወደ ታች ሰመጠ። ውሃው የተኛበት አስፋልት ከሥሩ ባዶ ኖሯል። የአውቶቡሱን ሙሉ ቁመት የሚውጥ ጉድጓድ ተከፈተ፣ የመንገድ መብራቱ እንጨት ገባበት፣ ወንዙም ያንን ሁሉ ይዞ ሄደ።

አንዲት ሴት ሕፃኗን አጥብቃ አቅፋ ትንፋሿን ትሰበስባለች። የሰደበው ሰው ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ አደረገ። «ጌታ ሆይ» አሉ አንድ ሽማግሌ።

ራስ ምሰሶውን ያዘ። ሚስቱን ቀና ብሎ ለማየት ፈራ፤ እንደምንም ብሎ ሲያያት ደግሞ ያልጠበቀውን አየ። እጆቿ መሪውን ጨምድደው ይዘዋል። ከንፈሯ ደርቋል፣ ሹሩባዋ ሥር ላብ ይወርዳል። ይህን ሁሉ ዓመት የረጋችው ስለማትፈራ መስሎት ነበር። ለካ ከማንም በላይ ትፈራለች። ይህን ፍርሃት ሁሉ ውስጧ ይዛ ነው ለሕዝቡ ጩኸት፣ ለእሱም ቁጣ ያልተናወጠችው። ባለችበት ቦታ ከእሷ ሌላ አንድ የማይታይ ሰው የተቀመጠ መሰለው፤ እሷ የምታውቀው፣ እሱ ግን በስም ብቻ የሚያውቀው።

«አባቷ» አለችው፤ በልጃቸው ነበር የምትጠራው። «ወደኋላ ልወጣ ነው፤ አፋፉ ቅርብ ነው፣ ከኋላ አይታየኝም። ውረድና ምራኝ።»

«እኔ?» አለ። «በአንድ ዓይኔ?»

«ካንተ ሌላ ማንን አምናለሁ?»

ወረደ። ዝናቡ ውስጥ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቱ፣ ክንዱን ከፍ አድርጎ «ነዪ! ነዪ! ግራ! ቀስ! በቃ!» እያለ መራት። ያለ ቁጣ ሲመራት ያ የመጀመሪያው ነበር። እያንዳንዷን ምልክቱን ተቀበለች። በቃ ሲላት ቆመች፣ ነዪ ሲላት መጣች፤ ያ ሁሉ ነፍስ የጫነ ብረት በእጁ መዳፍ ላይ ያለ ይመስል ዳገቱን ወጣ። ፊቱ ላይ የሚወርደው ዝናብ ይሁን እንባ እሱም አላወቀው።

ማታ በቢሮው ውስጥ ኃላፊው ለምን እንደቆመች የሚገልጽ ጽሑፍ ጠየቃት። በአንድ መስመር ጻፈችለት፦ ባለቤቴ ሹፌር በነበረ ጊዜ ባስተማረኝ መሠረት ቆምኩ። ራስ ወረቀቱን አንሥቶ፣ ለደህናው ዓይኑ አቅርቦ አነበበው። እንደገና አነበበው።

«ሂጂ ያልኩሽስ?» አላት።

«የጠየቁኝ ለምን እንደቆምኩ ነው» አለች።

«እንግዲያው እኔ ልጻፈው» ብሎ እስክሪብቶውን ተቀበላት፤ ከሥሩም፣ ሂጂ ብዬ የጮኽኩባት እኔ ነኝ ብሎ ፈረመ። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ሻይ ላይ ለተሰበሰቡት ሁሉ አንድም ሳያስቀር ነገራቸው። የሳቀ አልነበረም። ያ መካኒክ ጨርቁን ሲያሻሽ ቆይቶ፣ «እኔም ዛሬ ቤቴ ስገባ የምላት ነገር አለኝ» ብሎ ወደ ሥራው ሄደ።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የባሎች ጉባኤ በነበረ ቀን ሰባኪው ስለ ሚስት መገዛት የሚመሰክር ካለ ብሎ ቢጠይቅ፣ ራስ ተነሣ። ብዙ መናገር አይችልበትም። «ለእሷ የተጻፈውን እያነበብኩላት ይህን ሁሉ ዓመት ኖርኩ» አለ። «ለእኔ የተጻፈው እዚያው ገጽ ላይ ነበር፤ ሳልገልጠው ቀርቼ አይደለም፣ አልፌው ነው። እሷ የእሷን ሠራች። አሁን ተራው የኔ ነው፤ ከየት እንደምጀምር ግን አላውቅም።» ከዚያ ተቀመጠ።

ከትንሹ ጀመረ። ሰሃን ያጥባል፣ መጥፎ አድርጎ ነው የሚያጥበው። «ምን ይመስልሻል?» ማለትን ለመደ፤ መጀመሪያ ላይ አፉ ውስጥ እንደ ጠጠር ይንከባለልበት ነበር። አንዳንዴ የድሮው ጩኸቱ ያመልጠዋል፤ ያን ጊዜ እሷ ዝም አትልም፣ «ከፍ አለ» ትለዋለች፣ እሱም ዝቅ ያደርገዋል።

ግራ ዓይኑም ከጊዜ በኋላ ደከመ። አሁን ጡረታ ወጥቷል፤ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። ቀስታ አሁንም ትነዳለች። ባለፈው ሳምንት ልጃቸው ከሥራ ስትመጣ አባቷን ብቻውን ሳሎን ተቀምጦ አገኘችው።

«እናትሽ ሸበተች እንዴ?» አላት ድንገት።

«አባዬ! ከሸበተች ስንት ዓመቷ!»

«አልነገረችኝማ» አለ ተገርሞ። ራሱን ነቀነቀ። ልጅቷ ያዘነ መስሏት እጁን ያዘችው፤ እሱ ግን ፊቱ በርቷል። «ፊቷን በሐሳቤ መሳል ካቃተኝ ቆየ» አላት። «ስትገባ ግን ክፍሉ ይለወጣል። በመስኮት የሚገባው ብርሃን አይደለም፣ እሱንማ አውቀዋለሁ። ምን እንደሆነ ልነግርሽ አልችልም፣ ልጄ። ከእሱ ጋር ዝም ብሎ መቀመጥ ነው።»

እናትየው ስትገባ ራት ቀረበ። ቀስታ ጫማዋን እያወለቀች፣ ድርጅቱ አዳዲስ ሹፌሮችን እንድታሠለጥን እንደጠየቃት ነገረቻቸው። «ምን ትላለህ?» አለችው።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔ ቀድሜ ነው የጠየቅሁህ።»

«ባትጠይቂኝም አንቺ የምትዪውን ነበር የምለው።»

«እኔም አንተ የምትለውን ነበር የምለው።»

«እንዲያ ከሆነ አልልም።»

«እኔም አልልም።»

ሾርባው መቀዝቀዝ ጀመረ። ልጅቷ አንዴ አባቷን፣ አንዴ እናቷን አይታ፣ «ኧረ በፈጠራችሁ! ከሁለታችሁ አንዳችሁ እንኳ እዘዙ!» አለች። እነሱ ግን እየሳቁ ነበር፤ እስካሁንም የወሰኑ አይመስለኝም።